ስፖርት ያከሳል ወይስ አያከሳም?

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሄርማን ፖንዘር እ.ኤ.አ. በ2012 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ሰዎችን ሲያነታርክ ኖሯል። እነሆ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ተፋጠዋል።

አያከሳም ባይ፦ አንድ ዓመት ሙሉ ጂም ውስጥ ላቤን አንጠፈጠፍኩ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር፤ የፖንዘርን ሥራ እስካነብ ድረስ።

ሰሜን ታንዛኒያ ውስጥ ሃድዛ የሚባሉ ሰዎች አሉ። እያደኑ፣ ማር እየቆረጡ፣ ሥራ ሥር እየቆፈሩ ነው የሚኖሩት። ወንዶቹ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳሉ። ፖንዘርና ባልደረቦቹ 30 ሃድዛዎችን ልዩ ውሃ አጠጡ። ሃይድሮጅኑም ኦክስጅኑም ከተለመደው የከበደ ነው፤ ስለዚህ ሽንት ውስጥ ተለይቶ ይታወቃል። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ነው። ኦክስጅኑ ግን በትንፋሽም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት ሰውየው ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ይናገራል።

ውጤቱስ? የሰውነት ግዝፈት ግምት ውስጥ ሲገባ፣ ዱር ለዱር ሲዞር የሚውለው ሃድዛና ወንበር ላይ የሚውለው አሜሪካዊ የሚያቃጥሉት ተቀራራቢ ነው! ሰውነት በጀት አለው። እዚህ ብዙ ካወጣ እዚያ ይቆጥባል።

ያከሳል ባይ፦ ወንድሜ፣ ያ ጥናት የተለያዩ ሰዎችን ነው ያነጻጸረው። ያው ሰው ስፖርት ሲጀምር ምን እንደሚሆን አይነግርህም። እሱን የሚነግርህ በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ሙከራ ነው። ወፈር ያሉ ወጣቶች በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ10 ወር፣ ተቆጣጣሪ ባለበት ስፖርት ሠሩ። ምግብ ቀንሱ ያላቸው የለም። በአንድ ጊዜ 400 ካሎሪ ያቃጠሉት በአማካይ 3.9 ኪሎ፣ 600 ያቃጠሉት 5.2 ኪሎ ቀነሱ። ስፖርት ያልሠሩት ግማሽ ኪሎ ጨመሩ።

አያከሳም ባይ፦ እህቴ፣ እስቲ ካልኩሌተር አውጪ። 600 በአምስት ቀን፣ በ43 ሳምንት ሲባዛ 129,000 ካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ገደማ ይይዛል ብንል፣ ከ16 ኪሎ በላይ መሄድ ነበረበት። የሄደው 5.2 ነው። ቀሪው የት ገባ?

ያከሳል ባይ፦ ምሳ ውስጥ! ሰው ስፖርት ሲሠራ ይርበዋል። አንተ ጥፋቱን ሁሉ ለሰውነት ቁጠባ ሰጠኸው። ፖንዘር ራሱ ከተባባሪ ደራሲዎቹ አንዱ የሆነበት የ2021 ጥናት እኮ 1,754 ሰዎችን አይቶ፣ በእንቅስቃሴ ከተቃጠለው ካሎሪ ሰውነት መልሶ የሚቆጥበው በአማካይ 28 በመቶውን ነው ይላል። 72 በመቶው ተቃጥሎ ይቀራል።

አያከሳም ባይ፦ ያው ጥናት ቁጠባው ወፍራም ሰዎች ላይ እንደሚበረታ ይናገራል። መክሳት በጣም የሚያስፈልገው ሰው ላይ ማለት ነው። እሱን ዘለልሽው።

ያከሳል ባይ፦ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ያማል ግን እውነት ነው።

አያከሳም ባይ፦ “ዕድሜዬ 30 ስላለፈ ሜታቦሊዝሜ፣ ማለትም ሰውነቴ ካሎሪ የሚያቃጥልበት ፍጥነት፣ ደከመ” የሚሉትንም እንተዋቸው። ያው በ2021 ፖንዘርና ጓደኞቹ ከ6,400 በላይ ሰዎችን መዝግበው፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ሜታቦሊዝም እምብዛም እንደማይለወጥ አሳይተዋል።

ያከሳል ባይ፦ እዚህ ላይ አንጣላም። የምንጣላው በሚዛንህ ነው። ሚዛን ጡንቻና ስብ አይለይም። ሆድ ውስጥ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ከሁሉ የከፋው ነው። ኪሎ ሳይቀንስም እንኳ በስፖርት እሱ ሊቀንስ ይችላል።

አያከሳም ባይ፦ እንግዲያው ማስታወቂያው ይቀየር! “ኑ፣ ጉበታችሁን አድኑ” በሉን። “በአንድ ወር 10 ኪሎ” እያላችሁ አትጥሩን። ፖንዘርም ስፖርት ተዉ አላለም። ለጤና ሥሩ፣ ለኪሎ ግን ምግባችሁን እዩ ነው የሚለው።

ያከሳል ባይ፦ ማስታወቂያውን እኔም አልወደውም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚያ የጂም ዓመት በኋላ ቀበቶህስ?

አያከሳም ባይ፦ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል።

ያከሳል ባይ፦ ይህንን መጀመሪያ ላይ ብትጽፈው ምን ነበረበት?