መጀመሪያ መጋዙ፣ ከዚያ መርጫው

ባለፈው ዓመት አርባ ምንጭ አጎቴ ዘንድ ስሄድ ከእርሻ መድኃኒት መሸጫ የገዛትን የቅጠል ማዳበሪያ ጠርሙስ አምጥቶ «እስቲ ይህችን አንብብልኝ» አለኝ። ጽሑፉ የባዕድ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል፦ የቀላ፣ የደነደነ ማንጎ። ሻጩ «ይህን ከረጨህ ፍሬ አይረግፍብህም» ብሎታል። አጎቴ መርጫውን አዝሎ ወጣ። ዛፉ ከቤቱ ቆርቆሮ በእጥፍ ስለሚረዝም ፈሳሹ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ነካክቶ፣ የቀረው ባርኔጣው ላይ ዘነበ።

በቅጠል የሚረጭ ማዳበሪያ ማታለያ ነው ማለቴ አይደለም። ማንጎ በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አበቦች አውጥቶ ለመልቀም የሚበቃው አንድ ሁለት ፍሬ ነው። ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር የአበባው ብናኝ በቅሎ ፍሬ እንዲይዝ ያግዛል፤ ዚንክ የተባለው ሌላው ሲያንሰው ደግሞ ቅጠሉ ይቀጭጫል። የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሲሠራ ሁለቱም በብዙ ቦታ ጎድለው ተገኝተዋል። እንዲያውም ፊሊፒንሳዊው ተመራማሪ ራሞን ባርባ ፖታሲየም ናይትሬት የተባለውን የማዳበሪያ ጨው በውኃ በጥብጦ በመርጨት ማንጎ ያለወቅቱ እንዲያብብ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። መጠኑም ለ100 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ የሚሠራው ግን ቅጠሉ በደረሰ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። ለጋው ላይ ቢረጩት ከንቱ ነው።

ጠርሙሱ ይህን አይናገርም። የማንጎ ቅጠል ፊቱ ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ጠብታው ይንሸራተታል፤ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹም በአብዛኛው ከጀርባው ናቸው። ስለዚህ ከሥር ወደ ላይ፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ መርጨት ያስፈልጋል። በቀትር ከሆነ ውኃው ተንኖ የቀረው ጨው ቅጠሉን ያቃጥላል። አሥር ሜትር ዛፍ ላይ፣ በ16 ሊትር የጀርባ መርጫ፣ ይህን ሁሉ ሞክሩት እስቲ!

ተባዩም አለ። ባለሙያዎች ዋይት ማንጎ ስኬል የሚሉት ነጭ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ላይ ታይቶ፣ ዛሬ አርባ ምንጭም ደርሷል። የአጎቴን ዛፍ ቅጠል ገልብጬ ሳየው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ጥቅጥቅ ያለና ነፋስ የማይገባው ዛፍ ይመቸዋል። እሱ ጭማቂውን እየመጠጠ እኛ ቅጠሉን ብንቀልብ የምንቀልበው እሱኑ ነው።

እንግዲህ ጠርሙስ ከማከፋፈል መጋዝና ቅርንጫፍ ቆራጭ ባለሙያ ማቅረብ ይቀድማል ባይ ነኝ። ዛፉ አጥሮና ሳስቶ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲደርስበት መርጫው ትርጉም ያገኛል። ችግሩ፣ ያረጀ ማንጎ አናቱ ከተቆረጠ ሁለት ሦስት ዓመት ፍሬ ላይሰጥ ይችላል፤ ይህን እያወቁ ገበሬውን «ሁሉንም ቁረጥ» ማለት ጭካኔ ነው። ሦስት ዛፍ ያለው ዘንድሮ አንዱን ብቻ ይቁረጥ። አጎቴ ተስማምቷል፤ ቡና የሚጠጣበትን ጥላ ግን በመጨረሻ ካልሆነ አላስነካም ብሏል።