ችቦው በእሷ እጅ ነበር

እስቲ ወገን፣ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍሰው። ሦስት ሳምንት ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆየሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው። አንዱ ጌም ማስተር ይሆንና ዓለሙን፣ ጭራቁን፣ ነጋዴውን፣ ንጉሡን እሱ ይይዛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። እኛ የምንጫወተው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ ዕትም። ጌም ማስተሩ እኔ ነኝ።

ከመካከላችን አንዷ አዲስ ናት። ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ገጸ ባሕርይዋ ከመንደሯ ወጥታ የማታውቅ ቀስተኛ ናት። የዚያን ቀን ድልድይ ስር ትሮል አስቀምጬ ነበር። ትሮል ማለት ቁስሉ ራሱ የሚገጥም ጭራቅ ነው፤ ተራው በደረሰ ቁጥር 10 የሕይወት ነጥብ፣ እኛ ኤችፒ የምንለውን፣ ይመልሳል። ይህን የሚያስቆመው እሳት ወይም አሲድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ለመናገር አልቸኮልኩም። አንዱ ተጫዋች ክንዱን ሲቆርጥለት፣ የወደቀው እጅ ጣቶች መሬቱን እየቧጠጡ ወደ ባለቤታቸው ሲሳቡ ነገርኳቸው። ቀስተኛዋ ችቦ ይዛ ስትጠጋ ደግሞ ትሮሉ ፊቱን ከልሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ልጅቷ ዝም አለች። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ ፊት ዘንበል አለችና "ቆይ… ሰይፍ ያልፈራ፣ እኔን ለምን ፈራ?" አለች። ጌም ማስተር የሆነ ሰው ያቺን ቅጽበት ያውቃታል። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የተዘጋጀሁት ለዚያች ጥያቄ ነው።

መልሱን ራሷ ልታገኘው አንድ እስትንፋስ ሲቀራት አንዱ ነባር ተጫዋቻችን ከዚያ ማዶ "ትሮል ነዋ! በእሳት ወይም በአሲድ ካልተመታ አይሞትም። ችቦሽን ወርውሪበት፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ!" ብሎ ጮኸ።

"እሺ" አለች። ዳይሷን ጣለች፣ ስንት እንደወጣ እንኳ አላየችም። ትሮሉ ሞተ። ከዚያ በኋላ እስክንለያይ ድረስ ስጠይቃት ብቻ ነው የመለሰችው።

የዚህ ሰውዬ ገጸ ባሕርይ ማን መሰላችሁ? በረሃ ተወልዶ በረሃ ያደገ፣ ትሮል ቀርቶ ወንዝ አይቶ የማያውቅ፣ የማሰብ ችሎታው 8፣ ማለትም ከተራ ሰው በታች፣ የሆነ ተዋጊ። ይህን ታሪክ የጻፈው ራሱ ነው፤ እኔ አላስገደድኩትም።

በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ትሮል አመጣሁ። ትልቅ፣ ያረጀ፣ 110 ኤችፒ ያለው። ዱካው ከፊተኛው በእጥፍ እንደሚሰፋ፣ ዋሻው ደጃፍ ላይ የሌሎች ትሮሎች አጥንት እንደተከመረ ቀድሜ አሳይቻቸዋለሁ። ሰውዬው ስልኩን ጠረጴዛው ስር ይዞ የጭራቁን ገጽ ከፍቶ እየደመረ ኖሯል። በመሃል ዳይሱን አስቀመጠና "እስካሁን 90 ገብቶበታል። ትሮል 84 ነው ያለው። መሞት ነበረበት። ታጭበረብራለህ" አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት።

አንጀቴ ነው ያረረው። ደግሞም ተሳስቷል። 84 አማካይ ነው። እዚያው መጽሐፉ ላይ ከጎኑ ስሌቱ ተጽፏል፦ 8 ባለ 10 ፊት ዳይስ፣ ሲደመር 40። ስለዚህ አንድ ትሮል 48ም ሊኖረው ይችላል፣ 120ም ሊኖረው ይችላል። የእኔ 110 በመጽሐፉ ስሌት ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ባይሆንስ? ለጌም ማስተር የተዘጋጀው መጽሐፍ ጭራቅ እንዴት እንደሚለወጥ፣ እንዴት አዲስ እንደሚፈጠር የሚያሳይ ክፍል አለው። መጽሐፉ ራሱ የሰጠኝን ሥራ ስሠራ ነው አጭበርባሪ የተባልኩት።

እርግጥ በእኛ በኩልም ጥፋት አለ፣ አልክድም። ተጫዋች አፉን በከፈተ ቁጥር "ሜታጌሚንግ! ሜታጌሚንግ!" (ገጸ ባሕርይህ የማያውቀውን የራስህን እውቀት ተጠቀምክ ማለት ነው) የሚሉ ጌም ማስተሮች አሉ፤ እነሱም ያናድዱኛል። አሥር ዓመት የተጫወተን ሰው ትሮልን እንደማያውቅ ሆነህ ጓደኞችህ ሲሞቱ ቁጭ ብለህ እይ ማለት ግፍ ነው። ትሮል በሞላበት ዓለም ገበሬውም እረኛውም እሳት እንደሚፈሩ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ጠይቀኝ ነው። "የእኔ ሰው ይህን ያውቃል?" በለኝ። አዎ ልልህ እችላለሁ፤ ካጠራጠረኝም ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጣል እልሃለሁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

መጽሐፉን አታንብቡ ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ የጻፈው የጌም ማስተር መመሪያ ተጫዋቾች እንዲያነቡት የታሰበ አልነበረም፤ ያነበበውን ተጫዋች ክፉኛ ነው የነቀፈው። ያ ዘመን አልፏል፣ ማለፉም ጥሩ ነው። ዛሬ የሚጫወተው ነገ ጌም ማስተር ይሆናል፣ ሳያነብ ደግሞ አይሆንም። ያነበበ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፤ ሕጉ ሲጠፋኝ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። ይኸው ሰውዬም ስንት ጊዜ አስታውሶኛል፣ አመስግኜዋለሁም። ግን የሕግ ጥያቄና የታሪክ ምስጢር አንድ አይደሉም። ቀስት ስንት ክንድ ርቀት እንደሚሄድ ብታርመኝ ጨዋታው ይፈጥናል። ጭራቁ ምን እንደሚገድለው ለአዲስ ሰው ብትነግርበት ግን ጨዋታዋን አንተ ተጫወትክባት። እሷ ትሮልን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንተ ያንን ቀን ኖረኸዋል እኮ፣ ወንድሜ! የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ጌም ማስተር ዝም ብሎ ጠብቆህ፣ ራስህ ደርሰህበት፣ ከወንበርህ ተነሥተህ ጮኸሃል። ራስህ ነህ የነገርከኝ።

ትናንት ማታ ልጅቷ መልእክት ላከችልኝ። በዚህ ሳምንት ትምጣ አትምጣ እርግጠኛ እንዳልሆነች ጽፋ፣ ከሥር "ያኔ ትሮሉ የሸሸው ከችቦው ነበር አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት።

"ልናገር ስል ነው የቀደመኝ" አለች።

ዛሬ ማታ ለሰውዬው እደውልለታለሁ።