የበጀቱ ሰኔ እና የዝናቡ ሰኔ

ሰኔ ከባተ በኋላ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር በየዓመቱ የሚታይ ሥራ አለ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች የጎርፍ ማስወገጃውን ቦይ የኮንክሪት ክዳን በዲጂኖ ፈንቅለው ያነሣሉ። ከውስጡ ጥቁር ደለል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ያረጀ ጫማ፣ አንዳንዴም የፍራሽ ቁራጭ በአካፋ እየዛቁ ያወጣሉ። ያወጡትን እዚያው ቦዩ አፍ አጠገብ ይከምሩታል። የሚያነሣው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ ይጥልና ክምሩ ወደወጣበት ጉድጓድ ተመልሶ ይገባል።

ሠራተኞቹን ለመውቀስ አልተነሣሁም። የሲቪል ምህንድስና ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በመንገድና በቦይ ጥገና ሥራ ላይ ከእነርሱ ጋር ውያለሁ፤ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የምጠይቀው የከተማዋን የምህንድስና ሥራ የሚመሩትን ነው። ክረምቱ በየዓመቱ በጊዜው ይመጣል፤ ታዲያ ቦይ የምንጠርገው ለምን በሰኔ ነው?

መልሱ ያለው ከቦዩ ውስጥ ሳይሆን ከበጀት መዝገቡ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈትና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። አዲሱ ገንዘብ የሚመጣው ሰማዩ በተቀደደበት ወር ነው፤ በርጥብ መሬት ላይ ደግሞ አስፋልት አይነጠፍም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ የጨረታ ሰነድ መዘጋጀት ይጀምራል። ጨረታው ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ይቀርብበታል፣ አንዳንዴም ተሰርዞ እንደገና ይወጣል። ውሉ ሲፈረም በጋው ተጋምሷል። በዚያ ላይ ማሽኑም፣ መሐንዲሱም፣ ገልባጭ መኪናውም ለምርቃት ቀን ወደተቆረጠለት አዲስ መንገድ ይሄዳሉ። ሚያዝያ ላይ የበጀት አጠቃቀም ሪፖርት ሲጠየቅ የጥገናው ገንዘብ ሳይነካ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ሰኔ በሰኞ ሲብት ዘመኑ ይከብዳል ይባላል፤ የከተማችን ቦዮች ግን ሰኔ በየትኛውም ቀን ቢብት ይከብዳቸዋል። ገንዘቡ የሚዘጋበትና ዝናቡ የሚከፈትበት ወር አንድ ነውና።

ይህ የሒሳብ ሹሞች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀን ዝናብ የመጣ ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ ወዲህም ሐምሌና ነሐሴ በመጡ ቁጥር ወንዝ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ሌሊቱን በየተራ እየነቁ ውሃውን ይጠብቃሉ።

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከላይ የወረደ ሁሉ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ ደቡብ ይምዘገዘጋል። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 400 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢቀዳ 40 ቦቴ ይሞላል። ቦታው ሣርና አፈር በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውስጥ ብዙውን መሬቱ ይጠጣው ነበር። ዛሬ ጣሪያ፣ አስፋልትና በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ሆኗል፤ ከአሥሩ ሊትር ዘጠኙን ያህል መልሶ ወደ መንገድ ይለቀዋል። ቦዩ ግን ብዙ ሰፈር ውስጥ ያው የድሮው ነው።

የቱቦ ነገር ደግሞ ለዓይን ያታልላል። ተዳፋቱ ሳይለወጥ የቱቦው ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ በላይ ያድጋል። መጥበብም በዚያው ልክ ይጎዳል። እስከ ወገቡ ደለል የያዘ ቱቦ ከላይ ሲያዩት ግማሹ ክፍት ስለሆነ ግማሹን ያሳልፋል የሚያስብል ነው፤ የሚያሳልፈው ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። የቀረው ውሃ በማንሆሉ በኩል ገንፍሎ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። የአስፋልት ዋና ጠላቱ ከባድ መኪና ሳይሆን ውሃ ነው። በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን የተጠቀጠቀ ጠጠርና አፈር ያላላዋል፤ ጎማ በረገጠው ቁጥር ጭቃው በስንጥቁ ይተፋል፤ ከሥር ባዶ ሲቀር ላዩ ይደረመሳል። በየመስከረሙ የምንሞላው ጉድጓድ በአብዛኛው ከሰኔ በፊት ያልጠረግነው ቦይ ልጅ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከበጀቱ ቀን ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ከመሬት በታች ያለንን ነገር በቅጡ አናውቀውም።

በጀማሪነቴ በእጄ የተሰጠኝ ንድፍ አንድን የጎርፍ መስመር ከመንገዱ በስተቀኝ ያሳይ ነበር። ሦስት ቦታ አስቆፈርኩ፤ ምንም የለም። የቡድኑ መሪ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ መስመሩ በግራ ነው፤ ያን ጊዜ ትልቅ ዛፍ ነበረና ዞረው አለፉት» አሉኝ። ዲጂኗቸውን አንሥተው ወደ ግራው ተሻገሩ፤ ክዳኑን ሁለት ጊዜ መቱት፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ባዶ ቦይ ሲመታ ያስተጋባል፤ ደለል የሞላው ድምፁ ይደፈናል። «ሞልቷል፣ ከዚህ ጀምሩ» አሉ። ከዚያው ጀመርን፤ እንዳሉትም ሆነ።

እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ ካርታውም አብሮት ይወጣል። ውሃ ያስገባ፣ ስልክ የዘረጋ፣ ኤሌክትሪክ የቀበረ ተቋም ሁሉ በየፊናው ይቆፍራል። ቆፋሪው የሌላውን መስመር የሚያገኘው ሲበጥሰው ነው። የተቆፈረው ደግሞ በቀጭን በቀጭኑ እየተደለደለ መጠቅጠቅ ሲገባው አፈሩ በአንዴ ይገለበጥና ላዩ ይለሰናል፤ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች የመብራትና የስልክ ሽቦዎችን ከምሰሶ አውርዶ ከመሬት በታች ቀብሯል። ከቤታቸው የተነሡ ሰዎች ጉዳይ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለምና ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። እዚህ ላይ የምጠይቀው የተቀበረው ሁሉ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ጎን፣ ወዴት እንደሚሄድ ከንድፉ ብቻ ሳይሆን ከተሠራው ሥራ ተለክቶ አንድ ቦታ እንዲመዘገብ ነው። ዛሬ ቦዩ ክፍት ሳለ ቀያሽ ቢያቆሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከተከደነ በኋላ አስፋልት መቁረጥ ይጠይቃል።

ከሌላ ሀገር የሚቀዳ ነገር አያስፈልገንም። የቦይ ጠረጋና የመንገድ ጥገና ውል ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስት ዓመት ይታሰር፤ ያኔ ሠራተኛው በየዓመቱ ጨረታ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዋናው ጠረጋ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፤ የበልግ ዝናብ ያወረደውን ደግሞ ግንቦት ላይ እንደገና ይታይ። የሚጭን መኪና ሳይመደብ ክዳን አይነሣ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እርሱ ነው። ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ያወጣውን ቆሻሻ ዝናብ ሲመልስበት ቆሞ ማየት ከባድ ነው።

እኛ ነዋሪዎችም ድርሻ አለን፤ ፌስታሉ በእግሩ ሄዶ ቦይ አልገባም። ነገር ግን ቆሻሻ በየሳምንቱ በማይነሣበት ሰፈር ሰውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው የሚያውቁትን መስመር ሁሉ እንዲነግሩኝ ለምኛቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ሰፈር ለሰፈር ዞርን፤ እሳቸው በዲጂኖ ያሳያሉ፣ እኔ በእርሳስ እሥላለሁ። አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሞላ። ቅጂውን ለመሥሪያ ቤቱ ባቀርብም የሚቀበልበት መዝገብ አልነበረም። ደብተሩ እስከ ዛሬ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። አንዳንዶቹ መስመሮች ላይ አሁን ፎቅ ተሠርቶባቸዋል፤ ውሃው ግን በየክረምቱ የድሮ መንገዱን እየፈለገ ወደዚያው ይመጣል።