ዓለም ስትጠፋ የማትጠፋው መንደር

ቡጋራሽ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኦድ በሚባል አውራጃ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ 200 ገደማ ናቸው። እኛ ሰፈር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይቀመጣል።

ከአናቷ 1230 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ተገትሯል። ተራራው የተገለበጠ ነው። የምሬን ነው! መሬት ስትገፋፋ ያረጀው ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወጣቱ ከሥር ቀርቷል። ወጣት ሽማግሌ ተሸክሞ መኖሩ ለኛ ብርቅ አይደለም። ለጂኦሎጂ ሰዎች ግን ብርቅ ነው።

ለወሬኞችም ተመቻቸው። ሆዱ ውስጥ የሌላ ዓለም ፍጡራን በራሪ ሳህናቸውን አቁመዋል ተባለ። በዚያ ላይ የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ የሆኑት የማያዎች የዘመን አቆጣጠር አንዱን ትልቅ ዙር የሚዘጋው በዲሴምበር 21 ቀን 2012 ነው የሚል መጣ። ሁለቱ ወሬ ኢንተርኔት ላይ ተጋባ። ዓለም ይጠፋል፤ ቡጋራሽ የተገኘን ግን ሳህኑ አሳፍሮት ይሄዳል። ታሪፉ አልተነገረም።

የመንደሯ ከንቲባ ዣን ፒየር ዴሎር ጨነቃቸው። ያ ሁሉ ሰው ቢመጣ የት ይደር? ምን ይብላ? በፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ ገደማ ስጋታቸውን ለምክር ቤታቸው ተናገሩ። ጋዜጣ ሰማ። ጋዜጣ ሰማ ማለት ደግሞ ዓለም ሰማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሥራቸው «እባካችሁ አትምጡ» ማለት ሆነ። አትምጡ በተባለ ቁጥር የመንደሯ ስም ገነነ። ከተራራው ተፈልጦ የመጣ ነው የተባለ ድንጋይ ሳይቀር በግራም እየተመዘነ ኢንተርኔት ላይ ተቸበቸበ። ዓለም ሊጠፋ ቀን ተቆርጦለት ሻጩ ዩሮውን ምን ሊያደርገው እንደነበር ግራ ይገባል።

ቀኑ ደረሰ። ፖሊስ የተራራውን መንገድ ዘጋ። መንደሯ በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች። እብዶቹን ሊቀርጹ ነበር የመጡት፤ እብዶቹ ግን ቀሩ። ወግ ያለው አማኝ በጠፋበት፣ ለየት ያለ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰው ብቅ ካለ ማይክ ይከበዋል። እሱም ሲያልቅ ጋዜጠኛው ጋዜጠኛውን መጠየቅ ያዘ። የአገሬው ሰው በመስኮት ያያቸዋል። ሳህንም አልተነሣ፣ ዓለምም አልጠፋ። በማግስቱ ካሜራው ተጠቅልሎ ሄደ።

እኛ ዘንድ ያ ቀን ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ነበር፤ የወሩ ሚካኤል። 2012 ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ስለነበር የፈረንጁን ጭንቀት ከሩቅ እያየን ሳቅንበት። ከዚያ የኛው 2012 ገባ። በመጋቢት ኮሮና መጣ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጨባበጥ ቀረ። ለመሆኑ ማያዎቹ የማንን ካላንደር ይዘው እንደቆጠሩ አጣርቶ የጠየቀ ሰው ነበር?