መቶው ዲናርም ትንሽ ገንዘብ አልነበረም

ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ጸሐፊ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሚገኘውን፣ ጌታው ዕዳውን ትቶለት ሳለ ለባልንጀራው ግን ዕዳውን ያልተወለትን የማይራራውን ባሪያ ምሳሌ ለዛሬው ኑሯችን ለማቅረብ ያደረጉትን ጥረት አደንቃለሁ፤ ሆኖም ባልንጀራው የነበረበትን 100 ዲናር ከቁጥር የማይገባ ገንዘብ አድርገው ማቅረባቸው ምሳሌውን ያቀለለው ይመስለኛል። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለነበር፣ 100 ዲናር ከሦስት ወር በላይ የሚሆን የድካም ዋጋ ነው፤ ይህን ያህል ያበደረ ሰው ገንዘቤን ቢል አይፈረድበትም። ለባሪያው ለራሱ የተተወለት ዕዳ በአንጻሩ 10,000 መክሊት ነበር። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ያወጣ ስለነበር ዕዳው በዕድሜ ልክ ድካም እንኳ የሚከፈል አልነበረም፤ ስለዚህ «ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ብሎ መለመኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተሸከመውን ዕዳ ከመጀመሪያው በቅጡ አለመረዳቱን ያሳያል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በውርስ ቤት ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ጋር አንድ ጊዜ ተገኝቼ ነበር። «ይህች ምን አላት፣ ተዋት እንጂ» በተባለ ቁጥር የተበደለው ወገን ይበልጥ እየመረረው ሄደ፤ በደሉ በዝርዝር ተነግሮ፣ እውነትም ከባድ እንደነበረ ከታመነለት በኋላ ግን ስለ ዕርቅ ለመስማት ፈቃደኛ ሆነ። ምሳሌውም ቢሆን ባልንጀራው ዕዳ አልነበረበትም አይልም፤ ባሪያው የተወቀሰው እርሱ ራሱ ምሕረት አግኝቶ ሳለ ሌላውን ሳይምር በመቅረቱ ነው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ወደዚህ ነጥብ ቢመለሱ ደስ ይለኛል።