ለተከበሩ የፕሪንተር ጥቁር ቀለም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጥቁረትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ባሕር ዳሮች መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ደህና ነን።

እሁድ ዕለት ያደረጉኝን መቼም አልረሱትም። እንግዳ በሞላበት ግቢ «የአክስቴን ፎቶ በፀሐይ አትማለሁ» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። ሳያኖታይፕ ነው። የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ኔጋቲቩን (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ በእርስዎ የታተመበትን ግልጽ ፕላስቲክ) አስተኝቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ከዚያ ማጠብ። ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ እርስዎ የከለሉት ነጭ ሆኖ ይቀራል። የተቀጠሩት ለዚህች ብቻ ነበር!

ወረቀቱን ሳፋ ውስጥ ነከርኩ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የእትዬ ነጠላ ነጭ ሆኖ ይወጣል ስንል ከነጥበቡ ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። ጥርሳቸውም ሰማያዊ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ምነው ልጄ፣ ጣና ውስጥ ነው እንዴ ያነሳኸኝ?» አሉ። ግቢው በሳቅ አለቀ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ጨመረበት፤ «ጉማሬውስ የታል?»

ኔጋቲቩ ላይ በዓይን ሲታዩ እኮ ድቅድቅ ጨለማ ነበሩ። ለካ ጥቁረትዎ ለሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ሰማያዊ የሚያደርገው፣ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት ሲመጣ በሩን በርግደው «ቤት ለእንግዳ» ይላሉ። ያ የናቅነው ቢጫ እንኳ፣ ፕላስቲኩ ላይ ያለ የማይመስለው፣ ጨረሩን ደህና አድርጎ ይመክታል።

ፒግመንት፣ ያልሟሟ የደቀቀ ዱቄት ያለበትን ቀለም፣ ብዬ ነበር የጠየቅኩት። ባለሱቁ «ጥቁር ሁሉ አንድ ነው ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ዳይ፣ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን፣ አሸከመኝ። ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ታውቋታላችሁ። እሷ ሁሌም አምራ ነው የምትታተመው።

ስማ፣ አንቱታው ይቅር። ኬሚካሉን በስንት ልመና ነው ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። ወረቀቱን ሌሊት ተነስቼ በጨለማ ነው የቀባሁት። ደካማ ነኝ ብትል ይገባኝ ነበር። አንተ ግን አስመሳይ ነህ! በሰው ፊት ጠቁረህ በጓሮ የምታሳልፍ።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። ለእኔው ቀለም ረጪ ፕሪንተር የሚሆነውን ትተው የሌዘር ፕሪንተሩን ሰጥተውኝ፣ አልደርቅ ብለህ ጣቴ ላይ ቀረህ።

ጆን ሄርሼል ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1842 ሲያወጣ አንተ አልነበርክም። ታድሎ!

ከእንግዲህ ሳትፈተን ኔጋቲቭ ላይ አትወጣም። ሁላችሁንም ቀለሞች በትንንሽ ካሬ አትሜ፣ አንድ ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣችኋለሁ። ከሥሩ ያለውን ወረቀት ነጭ አድርጎ ያቆየ ይቀጠራል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቢጫ ቀለም፣ ለደረጃ ዕድገት
ለባለሱቁ፣ እንዲያውቁት
ለእትዬ፣ ነጠላቸው ነጭ መሆኑን ስለማረጋገጥ