የእንግሊዞች የድሮ ሬዲዮ ኮሜዲ ለምን አላረጀም?

በ1950ዎቹ በቢቢሲ ሬዲዮ ይተላለፉ የነበሩ ኮሜዲዎች ዛሬም አድማጭ የማያጡት ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ትዝታ ነው» የሚል ነው፤ ያኔ ልጆች የነበሩ ሰዎች የወላጆቻቸውን ሳሎንና እዚያ የነበረውን ትልቅ ሬዲዮ እያሰቡ ያዳምጧቸዋል ይባላል። ይህን መልስ ልቀበለው አልቻልሁም። እኔ ያደግሁት እንግሊዝ አገር አይደለም፤ ቋንቋውንም የተማርሁት በትምህርት ቤት ነው፤ ዝግጅቶቹ በተላለፉበት ዘመን ገና አልተወለድሁም። የማስታውሰው ሳሎን የለኝም፤ ነገር ግን ብቻዬን ተቀምጬ እስክታመም እስቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቱን በአድማጩ ልጅነት ሳይሆን በሥራው በራሱ ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

«ዘ ጉን ሾው»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1960 የተላለፈው የዚህ ዝግጅት ዋና ደራሲ ስፓይክ ሚሊጋን ሲሆን፣ ፒተር ሴለርስና ሃሪ ሲኮም አብረውት ይተውኑ ነበር። ሦስቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደሮች ነበሩ፤ ሚሊጋን እንዲያውም በ1944 ጣልያን ውስጥ በሞርታር ቆስሏል። ፍንዳታ የማይታጣበት፣ የጦር መኮንኑም ፈሪና ገንዘብ ወዳድ የሆነበት የዚህ ዝግጅት ዓለም ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም።

ከትዕይንቶቹ በአንዱ ኤክልስ የተባለው ቂል ሰዓት ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። አንድ ደግ ሰው ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ እንደሰጠውና ወረቀቱም ስምንት ሰዓት እንደሚል ይናገራል። ጓደኛው ብሉቦትል፣ ሰው ሲጠይቅህ ስምንት ሰዓት ባይሆንስ ብሎ ሲያፋጥጠው፣ ያን ጊዜማ ወረቀቱን አላሳየውም ብሎ ያርፋል። ይህን ቀልድ ለመረዳት የዚያን ዘመን ወሬም ሆነ የእንግሊዝን ፖለቲካ ማወቅ አያስፈልግም። በካሜራ ፊት ቢሆን ኖሮ የምናየው አንድ ተዋናይ ወረቀት ይዞ ሲቆም ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ ግን ያንን የተጨማደደ ወረቀት እያንዳንዳችን በየራሳችን እጅ እንይዘዋለን። በ1955 በተላለፈ ሌላ ክፍል ደግሞ ሰዎች በፒያኖ ላይ ተሳፍረው ባሕር ያቋርጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የማዕበል ድምፅና የአድማጩ ፈቃድ ብቻ ነው። ሬዲዮ ለአድማጩ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሰው ደግሞ የራሱ እጅ ያለበትን ነገር ቶሎ አይሰለችም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ከ1954 እስከ 1959 በሬዲዮ የቀረበው «ሃንኮክስ ሃፍ አወር» ነው። ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን በወጣትነታቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ ሰሪ በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ በሚገኘው በሚልፎርድ ማገገሚያ ተኝተው ሳለ ነበር የተዋወቁት፤ መጻፍ የጀመሩትም እዚያው ለሕሙማን ይሰራጭ ለነበረው ሬዲዮ ነው። ቀኑ አልመሽ ሲል ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በ1958 የተላለፈውን የእሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍል በሰማሁ ቁጥር ያ የሆስፒታል አልጋ ትዝ ይለኛል። ሱቆች ዝግ ናቸው፤ ዝናብ ይጥላል፤ ኮሜዲያኑ ቶኒ ሃንኮክና ጓደኞቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሌላ ምንም ነገር የለም። ሃንኮክ በረጅሙ ይተነፍሳል። ማንም አይናገርም። እንደገና ይተነፍሳል። የግድግዳውን ወረቀት ትኩር ብሎ ሲያይ በጌጡ መካከል የሽማግሌ ፊት ይታየዋል። ምሳ ያበሰለችውን ሴት ደግሞ፣ የእናቱ ምግብ መጥፎ ቢሆንም መረቋ ቢያንስ ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ የእርሷ ግን ሳህኑ ላይ ተኝቶ እንደሚረጋ ይነግራታል። ሬዲዮ ዝምታን እንደ ብልሽት በሚቆጥርበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ዝምታን ዋና ተዋናይ አደረጉት። ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር።

እርግጥ ሁሉም አልዘለቀም። ከ1939 ጀምሮ ጦርነቱን አብሮ ያሳለፈውና መሪ ኮሜዲያኑ ቶሚ ሃንድሌይ በጥር 1949 ሲሞት አብሮት ያበቃው «ኢትማ» በዘመኑ የሕዝቡን መንፈስ ያቆመ ዝግጅት ቢሆንም፣ ቀልዱ በሳምንቱ ወሬና በራሽን ኑሮ ላይ ስለተንጠለጠለ ዛሬ አብዛኛው አይገባንም። «ዘ ጉን ሾው»ም ቢሆን የሕንዶችንና የቻይናዎችን አነጋገር እያስመሰለ የሚያላግጥባቸው ክፍሎች አሉት፤ እነዚያን ስሰማ አልስቅም፤ ሊደበቁ ግን አይገባም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቢቢሲ ዛሬ ሬዲዮ 4 ኤክስትራ በተባለው ጣቢያው የቆዩ ኮሜዲዎችን እየደጋገመ ቢያሰማም፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ቅጂዎችን ሳያስቀምጥ በመቅረቱ ከሃንኮክ የሬዲዮ ክፍሎች የተወሰኑት ጠፍተዋል። በ2014 ከጠፉት አንዳንዶቹ ከተረፉት ጽሑፎች ላይ በአዳዲስ ተዋንያን፣ በታዳሚ ፊት፣ እንደገና ተሠርተዋል። በጥንቃቄና በፍቅር የተሠሩ ናቸው፤ በደስታም አዳመጥኋቸው። ነገር ግን ጽሑፍ የሚያቆይልን የተነገረውን ቃል ነው። በ1950ዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ሃንኮክ ከመናገሩ በፊት ስንት ሰከንድ ዝም እንዳለ በየትኛውም ገጽ ላይ አልተጻፈም።